ሚኒስትሪና የአባቴ ስሌት

«ሚኒስትሪ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከጎረቤት ልጆች ነው። እነሱ ስምንተኛ ክፍል ደርሰው በፍርሃት ሲያወሩ እኔ ገና ትንሽ ነበርኩ፤ ፈተና መሆኑን እንኳ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። በ1990ዎቹ ተራው የእኔ ሆነ። በዱመርሶ፣ ይርጋጨፌ ወረዳ፣ በእንሰትና በቡና መሃል በተሠራችው ቤታችን ዝግጅቱ ተጀመረ።

ከቤታችን ከእኔ ሌላ ፊደል የቆጠረው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር። ዲላ፣ ዛሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ኮሌጅ ይማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ፎቶኮፒ አስደርጎ መጣ። ወረቀቱ የደበዘዘ ነው፤ አንድ የማላውቀው ተማሪ መልስ ብሎ ያከበባቸው ፊደሎች አብረው ተባዝተዋል። «እሱን አትመን፣ ራስህ ሥራው» አለኝ። ቀጥሎ በደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ትንንሽ ክቦችን ደርድሮ ከመስመር ሳልወጣ በእርሳስ ማጥቆር አለማመደኝ።

ሰኞ ወደ ዲላ ሲመለስ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እስከ አራተኛ ክፍል የተማርነው በጌዴኦኛ ነው፤ ከአምስተኛ ጀምሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆነ። አሳምሬ የማውቀው ነገር እንኳ በጥያቄ መልክ ሲመጣ እንግዳ ይሆንብኝ ነበር።

ያኔ ነው አባቴ የተረከበኝ። ማታ ማታ ኩራዙ አጠገብ ይቀመጥና «ዛሬስ ምን ይላል?» ይለኛል። በእንግሊዝኛ አነብና በጌዴኦኛ እነግረዋለሁ። አንድ ምሽት የሬሾ ጥያቄ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ጥቂት አሰበና፣ «ስድስት ኪሎ ግድም እሸት ቡና ደርቆ ሲፈለፈል አንድ ኪሎ ይወጣዋል። ስልሳ ኪሎ ብለቅምስ?» አለኝ።

«አሥር።»

«መቶ ሃያ ብለቅምስ?»

«ሃያ።»

«ታዲያ ታውቀው የለ!»

አባቴ እርሳስ ይዞ አያውቅም፤ ቡናውን ሲሸጥ ግን በቃሉ አስልቶ የሚቀድመው አልነበረም። ለእኔ ከማንም መምህር በፊት ሬሾን ያስተማረኝ እሱ ነው።

እናቴ ደግሞ የሳይንሱን ክፍል ያዘች። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ ስነግራት እንሰት መፋቋን ሳታቋርጥ፣ «ታዲያ ቡናውን ለምን ዋንዛ ሥር እንተክለዋለን?» ትለኛለች። እመልሳለሁ። «ጥላው ከበዛስ?» ትላለች። እዚህ ላይ እቸገር ነበር። እሷ መልሱን ከማሳው ታውቀዋለች፤ እኔ ግን እስክደርስበት ዝም ትለኛለች። የጌዴኦ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ ቅይጥ እርሻ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ይህች የእናቴ ጥያቄ ትዝ ብላኝ በደስታ አልቅሻለሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስለሰጡኝ ጊዜ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ከትምህርት ገበታ የሚቀር ልጅ ብዙ ነበር። አባቴ የሰው ጉልበት እያጠረው፣ ቡናው ዛፍ ላይ እየደረቀበት፣ እኔን አንድም ቀን አላስቀረኝም። ምን ያህል እንደጎዳው የገባኝ ራሴ ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ነው።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሆነ፤ አለፍኩ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ብዙ ወላጅ ደነገጠ። አቅም ያለው አስጠኚ ቀጠረ። አቅም የሌለው፣ «እኔ አልተማርኩ፣ ምን ልረዳው?» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ለዚህ ሁለተኛው ወላጅ የምለው አለኝ፦ ልጅህ ዛሬ ያነበበውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲነግርህ ጠይቀው፤ ካልገባህ ድገምልኝ በለው። በለቀማ ወቅትም እባክህ ከትምህርት ቤት አታስቀረው።