ፈረሶቹ የት ገቡ?

መቼም እኛ ከፈረስ ጋር ያለን ዝምድና የቆየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ የምንለው በፈረስ ስማቸው ነው። ጌታው ስሙን ከፈረሱ ይዋሳል፣ ፈረሱ ደግሞ ዝናውን ከጌታው። ታዲያ «ይህ ፈረስ በስንት ጊዜ ስንት ኪሎ ይጎትታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ባነበብኳቸው የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እስካሁን አላጋጠመኝም። ፈረስ ይሸለማል፣ ይፎከርበታል፤ አይለካም።

የለካው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥ ሲነሳ ገዢዎቹ የሚያውቁት ፈረስን ስለነበር፣ ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ ማስላት ግድ ሆነበት። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ክብደትን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ማለት ነው። በእኛ አገር ሂሳብ አንድ ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ ቃሉ የተወለደው ከፉከራ ሜዳ ሳይሆን ከገበያ ነው።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ በቅሎ ቤትና ላንቻ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ፤ ብዙም አይራራቁም። አንዱ ስሙን ከበቅሎ፣ ሌላው ላንቺያ ከሚባለው የጣሊያን መኪና አግኝቷል። ካዛንቺስም ብትሆን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ተቋም ነው ስሟን የወሰደችው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የጋራዥ አማርኛችንማ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን… ስሙን ሁሉ ወርሰናል። መለካቱን ግን እንጃ!

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ልጅ ባንክ ቤት ይሠራል። አሮጌ ኮሮላ አለችው፤ በወረቀቷ ላይ 110 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፏል። ካዛንቺስ ከመነሳቷ በፊት ከሰፈሩ ጓሮ ካለ አንድ ጋራዥ ወስዶ የሦስት ወር ደሞዙን አፈሰሰባት። አየር ማጣሪያው ተቀየረ፣ ማርሚታው ሰፋ፣ ኮምፒዩተሯም «ተስተካከለ»። መካኒኩ ሠላሳ ፈረስ ጨመርኩ አለ። አብሬው ሄጄ ስለነበር «በምን ለካኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ድምፁን አይሰሙትም እንዴ?» አለኝ።

ሰምቼዋለሁ። ጠቅላላ ሰፈሩ ሰምቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ ግጥም ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና የሚጮህ ነገር ሁሉ ጉልበት ያለው እንደሚመስል አውቃለሁ። ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። ደሞዝ የከፈለበት ሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይታለላል።

በዓለም ላይ ይህን ክርክር የሚዳኝ መሣሪያ አለ። ዳይናሞሜትር ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ሲያቆላምጡት ዳይኖ ይሉታል። መኪናው ወንበዴ ይመስል በሰንሰለት ይታሰርና ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ሮለር ላይ ይቆማሉ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናው ባለበት ቆሞ ይሮጣል። የሮለሩ ክብደት የታወቀ ስለሆነ በስንት ሰከንድ ምን ያህል እንደፈጠነ ከታየ ያሽከረከረው ጉልበት ይሰላል። ሮለሩን እየያዘ የሞተሩን ትግል የሚለካም ዓይነት አለ፤ የዚህኛው አያት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ በ1821 እ.ኤ.አ. የሠራው ፍሬን ነው። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ መኪናውን ሳይነካ ይለካል። ከዚያ አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ካልጨመረ የቀየረውን ይመልሳል። ምስጢሩ ይኸው ነው።

የእኛም መኪኖች ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ ሮለር ላይ ይወጣሉ። እዚያ የሚለካው ግን ፍሬን ነው። መቆም መቻላቸው ይጣራል እንጂ መሄዳቸውን የሚጠይቅ የለም። ለእግረኛው ይኸው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ከፍታችን እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነውና በእያንዳንዱ ትንፋሹ ከሚያስፈልገው ሩቡ ይጎድልበታል። ስለዚህ ቱርቦ የሌላት የ110 ፈረስ መኪና እዚህ ስትደርስ 85 ገደማ ትሆናለች። ሃያ አምስቱ ፈረስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የከፈልነው ግን ለ110ሩም ነው! ይኸው አየር ሯጮቻችንን ለዓለም መድረክ አብቅቷል፤ የሰው ገላ በጊዜ ብዛት ቀይ የደም ሴሉን ያበዛና ይላመዳል። ብረት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

ይህን በመለኪያ ካረጋገጡት አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል 4,300 ሜትር ተራራ ላይ ወጣ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 ፈረስ የነበረው ሞተር አናቱ ላይ 230 ሆነ። ሞስ አየሩን አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ሲገጥምለት 356 ሰጠ። የለካው ቅድምም በኋላም ነበርና ማንም ሊከራከረው አልቻለም።

ዳይኖ ታዲያ አንድ ጠባይ አለው። ኮምፒዩተሩ «ማስተካከያ» የሚባል ሂሳብ ይሠራል፤ የተለካውን ጉልበት ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ወደሚሰጠው ይለውጠዋል። በእኛ ከፍታ ማባዣው 1.3 ገደማ ይደርሳል። ጎማ ላይ 70 የደረሰው ከ90 በላይ ሆኖ ይታተማል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ትልቁ የሞተሩን ጤንነት ይነግራችኋል፤ ትንሹ እንጦጦን የሚያወጣችሁ ስንቱ እንደሆነ ይነግራችኋል። አጭበርባሪ ከሥራው በፊት ትንሹን፣ ከሥራው በኋላ ትልቁን ያሳያችኋል። ብሎን ሳያላላ ሃያ ምናምን ፈረስ ጨመረ ማለት ነው።

ዳይኖ በእጃችን ስላልነበረ የእህቴን ልጅ የአዳማን ፈጣን መንገድ እንጠቀም አልኩት። አንድ እሑድ በድሮው ማጣሪያና ማርሚታ፣ በሚቀጥለው እሑድ በአዲሱ። ያው ሰዓት፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ሁለት ሰው። በአራተኛ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ተዳፋቱ እንዳያታልለን ወዲያም ወዲህም እየነዳን፣ በስልኬ ያዝኩ። አዲስ አበባ አጠገብ በድሮው 14.1 ሰከንድ፣ በአዲሱ 14.0 ሆነ። አዳማ አጠገብ፣ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብለን፣ በሁለቱም 12.8።

ልጁ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አያቸው። «ጋሼ፣ ቁልቁለቱ በነፃ የሰጠኝን ያህል እንኳ ደሞዜ አልሰጠኝም ማለት ነው?»

«ደሞዝህ ድምፅ ገዝቷል» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ሳቁ ብዙም አልዘለቀም።

ይህን ሁሉ ሳስብ የሚመጣብኝ ሞተር ብቻ አይደለም። በማስተምርበት ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ካለው የከተማ ትምህርት ቤት የመጣና፣ አንድ መጽሐፍ ለአሥር ሲጋራ ያደገ የገጠር ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። መምህራን ስንሰበሰብ ሁሌም ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ «ውጤት ውጤት ነው» ይላል፤ ሌላው «የመጡበት ይታሰብላቸው» ይላል። የመጀመሪያው ወገን ጎማ ላይ የደረሰውን ብቻ ያያል፤ በስስ አየር ያደገውን ልጅ ሰነፍ ይለዋል። ሁለተኛው የተስተካከለውን ብቻ ያያል፤ ልጁን ነገ ምንም ማስተካከያ ወደማያደርግለት ሥራ ይሸኘዋል። እኔ በመዝገቤ ላይ ከውጤቱ ጎን የመጡበትን ቦታ እጽፍ ነበር። ከወሎ ገጠር የመጣ አንድ ተማሪ ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያ ድርሰቱ አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነበር። ምክር አላበዛሁበትም፣ ማርክም አልጨመርኩለትም። በየሳምንቱ መጽሐፍ አዋስኩት። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የጻፈውን አነበብኩና የሰጠሁት ማርክ ምንም ማስተካከያ አላስፈለገውም። የማስተካከያ ቁጥር ሞተሩን አይገፋውም። የሚገፋው አየር ነው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ስትፈርስ ጋራዡም አብሮ ተነሳ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈለት ፈረስ እዚህም አይጎድልበትም። ይህ ደግ ነገር ነው። አንድ ሙሉ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ዳገት እንደሚያወጣ ግን አሁንም መለካት ይኖርብናል፤ የሻጭ ወረቀት ሁልጊዜም የሚጻፈው ሜዳ ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሰው «ጨመርኩ» ሲላችሁ፣ ጋራዥም ይሁን ስብሰባ አዳራሽ፣ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ከስንት ተነስቶ? በምን ተለክቶ? በየትኛው አየር? የሠራ ሰው በጥያቄው አይቀየምም።

የእህቴ ልጅ የድሮውን ማርሚታ መልሶ ገጥሞታል። የሰፈሩ ሕፃናትም በጊዜ መተኛት ጀምረዋል።