ለቅሶ ቤት ያሳቁን ሰው

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው ይባላል። በአጎቴ በጋሼ ድንኳን ግን ከሰልስቱ ወዲህ ማን ማንን ይቆጣ! አንዱ ጨዋታቸውን ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል። ባለቤታቸው እትዬ ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ፤ መልሰው ደግሞ ያነባሉ።

በጣም የተነሳችው የሶደሬዋ ጦጣ ናት። ጋሼ ልጆቻቸውን፣ እኛን የእህት ልጆችን፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ ጨምረው በቮልሳቸው ጠቅጥቀው ይወስዱን ነበር። እኛ ፍል ውሃው ውስጥ ስንንቦጫረቅ ምግብ ጠባቂው እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጦጣ ድፎ ዳቦውን ገምሳ ዛፍ ላይ ወጣች። ጋሼ በካናቴራ ዛፉ ሥር ቆመው እንደ አገር ሽማግሌ ይለማመጧት ጀመር፦ «እሜቴ፣ ግድ የለም፣ ለልጆቹ እንኳ ትንሽ!» ዳቦው አልተመለሰም። ወሬው ግን በየዓመቱ ሲተረክ ጦጣዋም በየዓመቱ ትገዝፍ ነበር።

ተጫዋች ሰው ለቤቱ አይሆንም የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። እሁድ ማታ የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ጫማ በረንዳ ላይ ደርድረው፣ ትዝታ እያንጎራጎሩ (ድምፃቸው እንኳ አይነሳ) ቀለም የሚቀቡት እሳቸው ነበሩ። ያውም በዚያ ዘመን፣ አባት ጓዳ ብቅ ማለት በሚያስወራበት።

ካርታ ላይ ግን አይታመኑም ነበር። ኮንከር ሲጫወቱ አጭበርብረው ከተያዙ «ዓይኔ ደክሞ እኮ ነው» ይሉ ነበር፤ ያለ መነጽር ጋዜጣ የሚያነቡ ሰውዬ!