ድኻ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ቃል በመዝገብ ላይ ሲሰፍርና በሰው አፍ ሲነገር ትርጉሙ አንድ አለመሆኑን የተረዳሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሥራዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጃን አሞራ ደጋ የእህል ዕርዳታ የሚሰጣቸውን ሰዎች እንድመዘግብ ታዝዤ ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት የአንዲት ባልቴት ስም ከድኾች ጋራ ሳነብ፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እኔስ ድኻ አይደለሁም፤ ዘመድ ወገን አለኝ፤ ዘንድሮ ገብሴን ውርጭ ቢመታብኝ ነው እንጂ» አሉኝ። እኔም ማክበሬ መስሎኝ ስማቸውን ሰረዝሁ።

በዓመቱ ስመለስ አንድ ሽማግሌ ለብቻዬ ጠርተው፣ «ሴትዮዋ እንቢ ያሉት ስሙን ነው እንጂ እህሉን መች እንቢ አሉ?» ሲሉ ወቀሱኝ። ለካስ ባልቴቲቱ በዚያ ክረምት አንዲት ልጃቸውን ሰው ቤት እንድታገለግል ወደ ጎንደር ልከዋት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ስመረምረው ኖርሁ። በአማርኛችን ወላጅ የሞተበት ሕፃን ድኻ አደግ ይባላል። የተገፋ ሰውም «ድኻ ተበደለ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ገንዘብ የለኝም ማለቱ ሳይሆን የሚሰማኝ አጣሁ ማለቱ ነው። በአንጻሩ በጎንደር በአታ አቋቋም የሚማር ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእመቤታችን ስም እየለመነ ቢያድርም በልመናው አይናቅም፤ መምህርና ጓደኛ አለው፤ ነገም መሪጌታ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የሚዘረጋውን እንኳ «የኔ ቢጤ» እንለዋለን፤ ይኸውም እኔን የሚመስል ማለት ነው።

የዓለም ባንክ በ2025 እ.ኤ.አ. የከፋ ድኽነትን ወሰን በቀን 3 ዶላር አድርጎታል። ይህ የጎደለውን ገንዘብ ለመቍጠር ይበጃል። በቋንቋችን ግን ድኻ የሚለው ቃል ገንዘብ ካጣው ይልቅ ሰው ላጣው ይከብዳል። ባልቴቲቱ የካዱት ችግራቸውን ሳይሆን ወገን የለሽ መባልን ነበር። የእኔም ጥፋት ቃላቸውን መስማቴ ሳይሆን ትርጉሙን አለመጠየቄ ነው።

ስማቸውን በሁለተኛው ዓመት መልሼ ጻፍሁት፤ በአጠገቡም «ድኻ» በማለት ፈንታ «እህል የጎደላቸው» አልሁ። ልጃቸው ግን ገና ከጎንደር አልተመለሰችም ነበር። ስለዚህ ብዕር የያዝን የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ፣ ሰውን በአንድ ቃል ከመመዝገባችን በፊት ቃሉ በባለቤቱ ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ ልንጠይቅ ይገባናል።