ማንኩሳን ስጪኝ

ጮቄ ብርዱን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚለቅበት ክረምት ኑሯችን ሁሉ ምድጃ ዳር ነበር። የወይራ ጭስ፣ የሚታመስ ገብስ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ። አባየ የተስፋ ገብረ ሥላሴን ፊደል ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያስቆጥረኛል፤ እኔም በስንደዶ እየነካሁ ሀ ሁ እላለሁ። ታናሽ እኅቴ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከጎናችን ቦታ ስለሌላት ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ቆሎዋን ትቆረጥማለች።

አንድ ማታ ‹ጰ› ላይ ስደናቀፍ ከማዶ መለሰችልኝ። አባየ ገበታውን አዙሮ አቀናላትና ጠየቃት፤ ዝም። መልሶ ሲዘቀዝቅላት እስከ ‹ጶ› ወረደችው! ለካ 231ዱን ፊደል የለቀመችው ተዘቅዝቆ ኖሯል።

አባየ ጎረቤት ሊጠራ ብድግ ሲል አያቴ ያዘችው። «እንትፍ! እንትፍ! ሰው በዐይኑ እንዲበላት ነው?» ከዚያ ወዲያ እሷን ጎበዝ ማለት በቤታችን ክልክል ሆነ። ዛሬ ሳስበው የጠቀማት እሱ ይመስለኛል፤ ‹እስቲ አሳዪን› የሚላት ስላልነበረ ዕውቀቱን እንደ ጨዋታ ያዘችው።

አያቴ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። ስፌቷን ስትሰፋ ግን አለላውን በየቀለሙ ታስለያታለች፣ ሽምብራ ታስቆጥራታለች። ራት ሲበላ ደግሞ እንቆቅልሽ ነው። አያቴ አውቃ ትሸነፍና አገር ትሰጣለች፤ እኅቴ እንቢ ትላለች። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደጀን፦ የጎጃምን ከተሞች ያወቀቻቸው እንዲህ እንቢ እያለች ነው።

በዚያው ሰሞን ወጋየሁ ንጋቱ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሬዲዮ ይተርክ ነበር። ድምፁ ሲሰማ እናቴ እንኳ ቡና የምትወቅጥበትን ዘነዘና ታቆማለች። እኅቴ ምን እንደገባት እንጃ፤ በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሲሰጣት ከትረካው የሰማችውን ይዛ «አልፈልግም፣ ማንኩሳን ስጪኝ!» አለች። አባየ ሥቆ ሥቆ መንገዱን በከሰል መሬት ላይ ሣለላት፦ እኛ ቤት፣ ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ማንኩሳ።

አሁን እኅቴ አዲስ አበባ ናት፤ እንደሷው ቀልጣፋ ልጅ አላት። ስልኩ ፊደል ይዘፍንለታል፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጋዎን ለብሶ ተመርቆ ፎቶው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አዳርሷል። አያቴ ብትኖር ምራቋ አይበቃትም ነበር! ለፋሲካ ስሄድ ስልኩን ቀምቼ እንቆቅልህ አስተማርሁት። አንድ ሁለቴ ካስጠየቅሁት በኋላ እኔም አውቄ ተሸነፍሁለትና ደብረ ማርቆስን ብሰጠው ፊቱን አጨማደደ። ቢቸናንም ማንኩሳንም አልፈለገ። ዱባይን ካልሰጠኸኝ ብሎ አለቀሰ። ሰጠሁታ፣ ምን አደርጋለሁ!