ክራሩ ምን በደለህ?

«ሂስ» የምትለዋ አጭር ቃል በዚህች አገር ብዙ ሥራ የሠራች ቃል ናት። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የነበሩ ተማሪዎችና ጓዶች «ሂስና ግለ ሂስ» እያሉ ሲገማገሙ ያድሩ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወጉናል። ስብሰባው ካለፈ ቆየ፤ ቃሏ ግን አልሞተችም። ዛሬም አንድ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለት ዘፈን ዘፍኖ ሲወርድ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ፣ «አንዲት ትንሽ ሂስ ነበረችኝ» የሚል ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይቺ «ትንሽ» የምትባለው ሂስ ደግሞ አንድም ቀን ትንሽ ሆና አታውቅም።

እኛ አራት ነን። አንዱ ክራር ይደረድራል፣ አንዱ ማሲንቆ ይገዘግዛል፣ አንዱ ከበሮ ይመታል፣ አንዷ ታዜማለች። ሦስታችን የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስንሆን ከበሮ መቺያችን ታሪክ ነው የሚያጠናው (ለዚህም ይመስለናል ምቱ ሲዘገይ «ታሪክ አይቸኩልም» የሚለን)። በአንድ ላይ መጫወት ከጀመርን ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው። ታዲያ በዚህ አጭር ዕድሜ የሰማነውን ስድብ፣ ሽሙጥና ምክር ብንሰበስበው ከዘፈኖቻችን ቁጥር ይበልጣል።

ግጥም የጻፈ ሰው ሲነቀፍ ቢያንስ ወረቀቱን አጎንብሶ ያያል። «እዚህች ጋ ቤት አልመታም» ቢሉት ይሰርዛል፣ ይደልዛል። የዘፈነ ሰው ግን ምኑን ይሰርዛል? ድምፁ አየሩን ይዞ ሄዷል። የቀረው ጉሮሮው ነው፤ ጉሮሮውን ደግሞ ማታ ይዞት ይተኛል። ስለዚህ «ዘፈንህ አላማረኝም» የተባለ ጀማሪ «አንተ አላማርከኝም» እንደተባለ አድርጎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ይህን ሁሉ የምንዘበዝበው ደልጊ ላይ ስለሰማነው ነገር ለማውጋት ነው። ደልጊን ለማታውቁ፣ ከጣና በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሐይቁ ዳር የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። ድሮ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው መርከብ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ነበር የሚያልፈው። በየብስ ለሚሄድ ከጎንደር በቆላድባ አድርጎ ነው። ድምፃዊታችን የዚያች ከተማ ልጅ ናት። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት ማግስት፣ የአጎቷ ልጅ ሲያገባ «የዩኒቨርሲቲ ዘፋኞች ይምጡልን» ተባለና ሄድን። ክፍያችን የመኪና፣ ጠላና ቁርጥ ነው። ለጀማሪ መች አነሰ!

ዳሱ ውስጥ ማይክ የሚባል ነገር የለም። በግቢያችን አዳራሽ ስንጫወት ተመልካቹ በጨለማ ውስጥ ነው፤ እኛ ብርሃን ላይ ነን፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳዛጋ አናይም። እዚህ ግን ሁሉም ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ዋንጫውን ይዞ፣ ዓይን ዓይናችንን ያያል። ሦስተኛውን ዘፈን እንደጀመርን ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ክራር ደርዳሪያችንን ትክ ብለው አዩትና ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣

«ልጄ፣ ክራሩ ምን በደለህ?» አሉት።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። «የምሬን ነው፣ ትደበድበዋለህ እንጂ አትደረድረውም!»

ቀጥሎ ተራው የድምፃዊታችን ሆነ። ትዝታ አወጣች። ትዝታ መቼም ትዝታ ነው፤ ይዞ ይሄዳል። ከወደ ጥግ አንድ ጎልማሳ፣ «ይቺን ልጅ ሠርግ ብለው ነው ተዝካር ብለው የጠሯት?» አለ። እንደገና ሳቅ። አጎቷም ሳቁ። አባቷ አልሳቁም፤ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

እዚያው ዳስ ውስጥ ምሰሶ ተደግፈው የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩ። ማሲንቧቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ፣ እስከዚያ ሰዓት አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሳቁ ጋብ ሲል የማሲንቆውን ጭራ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉና፣

ክራር ቢጎረብጥ፣ ጣት ቢሰናከል፣
ልጅ እስኪማር ድረስ እኛም እንቀበል።

አሉ። ዳሱ እልል አለ። በአዝማሪ ቤት ወግ ግጥም የሚሰጠው ታዳሚ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሽማግሌው ያንኑ ቃል ገልብጠው፣ የሠርጉን ሰው ተቀባይ አደረጉት። እኛን ግን «ጎበዞች ናችሁ» አላሉንም፤ ልብ በሉ። ግጥሙ ውስጥ ክራሩ እንደጎረበጠ ነው፣ ጣቱም እንደተሰናከለ ነው።

ሌሊት፣ ከዳሱ ውጭ እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘናቸውና ድምፃዊታችን ደፍራ፣ «አያ፣ ዘፈናችን እንዴት ነበር? አይዋሹን» አለቻቸው።

«ምን እዋሻለሁ፣ ሁለት ዘፈን ነው የሰማሁ» አሉ። «አንዱን አንቺ ስትዘፍኚ፣ ሌላውን ክራሩ ሲዘፍን።»

ከዚህ የመረረ ነገር በዚያ ሌሊት አልሰማንም። ግን እሳቸው እዚያ ላይ አላቆሙም። ክራሩን ተቀብለው ጅማቶቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉና የባሕሩ ንፋስ እርጥበት ስላለው ሌሊት ጅማት እንደሚላላ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ እንኳ ቅኝት ሊሸሽ እንደሚችል ነገሩን። «ጅማት እንደ ሰው ነው፤ ሲመሽ ይላላል። ሰው ሲስቅብህ አትደንግጥ። ስቆ ጨርሶ ዋንጫውን እስቲያነሣ ድረስ ጊዜ አለህ፤ በዚያች ጊዜ ቅኝትህን ጠይቅ» አሉት ለልጁ። ከዚያ ደግሞ የራሳቸውን ጭራ ዕጣን እየቀቡ ስለ በሬ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ክራር ደርዳሪያችን ሰው ሲስቅ ጆሮውን ወደ ጅማቱ ይጥላል። የሳቁን ምክንያት እንኳ አይጠይቅም።

ይህን ከሌላ ነገር ጋር እናስተያየው። በአንድ አዳራሽ ከተጫወትን በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስም የሌለው ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «እነዚህ ልጆች ዝም ቢሉ ለባህላችን ትልቅ ውለታ በዋሉ» ይላል። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ የሰዋስው ስሕተት የለበትም (ምናልባት የክፍላችን ልጅ ነው)። አራታችንም ቆመን አነበብነው። ምን እናድርገው? የላላ ጅማት አልነገረን፣ የሸሸ ቅኝት አልነገረን። የሚፈልገው ዝም እንድንል ብቻ ነው። ማሲንቆ ገዝጋዣችን ወረቀቱን በጥንቃቄ ነቅሎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። «ለምን?» ብንለው፣ «ጀርባው ባዶ ነው፣ ግጥም እጽፍበታለሁ» አለን።

ይኸው ማሲንቆ ገዝጋዣችን ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ቀምሶ የመጣ ልጅ ነው። ስለ ሂስ ስንነታረክ የሚነግረን የቅኔ ቤቱን ነው። ተማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየዋለ እያደረ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ጥላ ሥር ወይም ዱር ውስጥ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፤ ምሥጢሩ አልተገናኘም፣ ዜማው ሰበረ ይላሉ። ባልንጀሮቹም ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ይሥቃሉ። የሚደንቀው ታዲያ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተነገረ ነገ አይደገምም። ለነገ አዲስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተነቀፈው ተማሪ በነቀፌታው ላይ ተኝቶ የሚያለቅስበት ጊዜ የለውም፤ ቁራሹን ለምኖ ይበላል፣ ደበሎውን ለብሶ ሌላ ሊቆጥር ይሄዳል። «እናንተ ዘመናዮች አንዱን ዘፈን ዓመት ሙሉ ስለምትዘፍኑት ነው ሂሱም ዓመት ሙሉ የሚያማችሁ» ይለናል። ይህን አባባሉን ከበሮ መቺው አልተቀበለውም፤ ዘፈን በመደጋገም ነው የሚበስለው ባይ ነው። እስካሁን አልተስማሙም።

እስከዚህ ድረስ ያወራነው ስለ ጅማትና ስለ ቅኝት ነው፤ ቀላሉን ነው። ደልጊ ላይ የተነገረ ሌላ ቃል አለ። ማን እንደተናገረው አናውቅም፤ ዳሱ ውስጥም አልተነገረም። በማግስቱ ገበያ ላይ «የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲባል አዝማሪ ሆና መጣች» ተብሎ፣ ከገበያ ወደ ጉድጓድ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ቤት ደረሰ። «አዝማሪ» የግእዙ «ዘመረ» ዘር ነው፤ አመስጋኝ፣ ዘማሪ ማለት ነው ብለን ሥነ ቃል ክፍል ውስጥ ተምረናል። ግን ይህን ለእናቷ ሄዶ የሚያስረዳ ማን ነው?

ድምፃዊታችን ከደልጊ ከተመለስን በኋላ አምስት ሳምንት አልዘፈነችም። ልምምድ ላይ ትመጣለች፣ ጥግ ትቀመጣለች፣ ታነብባለች። እኛም በየፊናችን ልናጽናናት ሞከርን። ጥላሁን ገሠሠን ጠራንላት። ወሊሶ ሲያድግ አያቱ በትምህርቱ እንዲበረታ እንጂ ዘፈን እንዲይዝ አልፈለጉም ነበር፤ ልጁ ግን ጠፍቶ በእግሩ ተነሣ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቶ ሀገር ፍቅር፣ ከዚያም ክቡር ዘበኛ ደረሰ። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ ተሸኝቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። «እንግዲህ አያቱ ይህን ቢያዩ?» አልናት።

«ጥላሁን ወንድ ነው» አለችን፤ ሌላ አልጨመረችም።

አስናቀች ወርቁን አነሣንላት። ይህች እንኳ ትቀርባለች። በቴአትር ቤቶቻችን የሴት ገጸ ባሕርይ ሲያስፈልግ ወንድ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወትበት ዘመን ነበር፤ ያንን ዘመን ከዘጉት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አስናቀች ናት። ክራሯን ይዛ፣ ተውኔቷን ይዛ፣ ሴት መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ጊዜ ወጣች፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስም ስሟ ከክራር አልተለየም። ድምፃዊታችን ይህን በጸጥታ አዳመጠች። ቀጥላም፣ «አስናቀች አስናቀች ናት። እኔ ግን ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ እናት አለችኝ» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረንም። የትልልቆችን ስም እየጠሩ ጀማሪን ማጽናናት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ያን ቀን አየን። ተሳክቶላቸው የምናውቃቸውን ነው የምንጠራው፤ አምስት ሳምንት ዝም ብለው በዚያው የቀሩትን ማን በስማቸው ያውቃቸዋል?

ከበሮ መቺው በበኩሉ የሩሲያውን ራህማኒኖቭን አመጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1897፣ 24 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የመጀመሪያ ሲምፎኒው ፒተርስበርግ ላይ ቀረበ። ልምምዱ ያነሰ፣ ጨዋታው የተዘበራረቀ ነበር ይባላል። ሴዛር ኩዊ የተባለ ሐያሲም ሲምፎኒውን በግብፅ መቅሠፍቶች መስሎ፣ ገሃነም ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢኖር እዚያ ያሉትን ደስ ባሰኘ ነበር ብሎ ጻፈ። ልጁ ሦስት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ድርሰት ሳይደርስ ተቀመጠ። በ1900 ኒኮላይ ዳል የተባለ ሐኪም ዘንድ ይመላለስ ጀመር፤ በ1901 ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ጨርሶ መታሰቢያነቱን ለሐኪሙ ሰጠ። ያ የተሰደበው ሲምፎኒ ግን እሱ እስከሞተበት እስከ 1943 ድረስ ዳግመኛ አልተሰማም፤ በ1945 ነው ሞስኮ ላይ እንደገና የተጫወተው።

ድምፃዊታችን ከንባቧ ቀና ብላ፣ «ሐኪሙ ምን አለው?» ብላ ጠየቀች።

«በርትተህ ትሠራለህ፣ ይሳካልሃል እያለ ደጋግሞ ይነግረው ነበር ይባላል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሳቀች። በአምስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ክራር ደርዳሪያችን ወዲያው ጆሮውን ወደ ጅማቱ ጣለ፤ ልማድ ሆኖበት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዘፈን፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በሩን ዘግተን ዘፈነች።

አባቷ ስለ ዘፈኑ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲደውሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላሉ፣ ስለ እናቷ ጤና ይነግሯታል፣ ይዘጋሉ። ባለፈው ጊዜ ግን ከመዝጋታቸው በፊት፣ «ያ ክራር የሚመታው ልጅ ደህና ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አራታችን አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረንበት አልጨረስነውም።

ግንቦት ላይ ደልጊ ሌላ ሠርግ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ተጠርተናል። ማሲንቆ ገዝጋዣችን ትዝታው ቀርቶ በእስክስታ እንጀምር ይላል፤ ተዝካር ያለው ጎልማሳ የሙሽራዋ ዘመድ ነውና መምጣቱ አይቀርም። እሷ ትዝታውን አልተውም ብላለች፤ ሰው ጠግቦ ከበላ በኋላ፣ አራተኛ ላይ ይሁንልኝ ነው የምትለው። ክራር ደርዳሪያችን ሁለት ትርፍ ጅማት ገዝቷል።