የመበለቶቹ ዝርዝር



በወላይታ ሶዶ ከተማ በአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ማገልገል ከጀመርን ከጊፋታ እስከ ጊፋታ ዓመት ሞላን። ሦስት አማኞች ነን፤ ከሦስት አጥቢያ። ወገኖች «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ይሉናል፤ በልባቸው ያለው ግን «አማኝ እዚያ ምን ሊያደርግ ገባ?» የሚለው ነው። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ፣ አገልጋዮች ሲታሰሩ ያዩ አባቶቻችን ከቀበሌ ደጅ ርቆ ማለፍን ተምረዋል። አንፈርድባቸውም።

አብዛኛው ሥራ ስብሰባ ነው። ቃለ ጉባኤ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ የአጥር ወሰን ክርክር። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናውም ጥቂት ነው።

ሸክም ሆኖብን የከረመው የጤና መድኑ ዝርዝር ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር በዞናችን ያለው ዳሞት ወይዴ አንዱ ነበር። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍንላቸዋል፤ እነማን እንደሆኑ የሚለየው ግን ከታች፣ በቀበሌ ነው። ቦታው የተቆጠረ ነው፤ ድሃው ከቦታው ይበልጣል። ስሙ የገባ አባት ልጁን ሲያተኩሰው በሌሊት ይዞ ይሮጣል። ያልገባው እስኪነጋ፣ አንዳንዴም እስከ ገበያ ቀን ይጠብቃል።

ዝርዝሩ በሚዘጋጅበት ሳምንት ማታ ማታ በራችን ይንኳኳ ነበር። የሚመጡት አብረውን የሚጸልዩ ሽማግሌዎች ናቸው። «ልጆቻችን፣ እናንተ እዚያ ተቀምጣችሁ የእኛ መበለቶች እንዴት ይቀራሉ?» አሉን። ቀላል ነገር አልነበረም፤ መበለቶቹ እውነትም ድሆች ናቸው፣ ሽማግሌዎቹም ለራሳቸው አልለመኑም። በሌላ ወገን ደግሞ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እናት በስብሰባ መካከል ተነሥታ «ጌታም የእናንተ፣ መድኑም የእናንተ!» አለች። ሰው ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

በዚያ ሰሞን በቤት ለቤት ኅብረታችን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ደርሰን ነበር። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ስለ ተረሱ አጉረመረሙ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ሐዋርያት ለጸሎትና ለቃሉ ስለ መትጋታቸው ነው፤ ማዕዱ እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል። እኛን ያቆመን የተመረጡት ሰዎች ስም ነው። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ነው፤ ኒቆላዎስማ ከአንጾኪያ የሆነ፣ ወደ ይሁዲነት የገባ ሰው ነበር። እደላው የተሰጠው ከአጉረምራሚዎቹ ወገን ለሆኑት ይመስላል። የሚያጉረመርመውን ዝም ከማሰኘት ይልቅ መሶቡን አስረከቡት።

በቀጣዩ ስብሰባ ዝርዝሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ቅሬታ ያላቸውም ይግቡበት ብለን ጠየቅን። ያቺ ጉሊት ቸርቻሪ እናት ተመረጠች፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣትም። በስብሰባ አዳራሽ የማይሰማ ብዙ ነገር ያውቃሉ። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መዲና ከሆነች ወዲህ ቤት የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ፊት ለፊቱ የደኸየ የሚመስል ግቢ ከጓሮው ሦስት ክፍል ያከራያል፤ ቆርቆሮው ያማረ ቤት ደግሞ ምድጃው ሳይጨስ ይውላል። ይህን የሚያውቀው ከሰል የሚሸጥላቸውና ዕቃ የሚሸከምላቸው ሰው ነው።

ከዚያ ዝርዝሩ ሰው ሁሉ እየሰማ በደጅ ተነበበ። አባቶቻችን ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው የአገሩን ጉዳይ በአደባባይ ያዩ ነበርና ነገሩ ለወላይታ እንግዳ አይደለም። ሁለት ስም ወጣ፣ ሁለት ገባ። ከወጡት አንዷ ከመካከላችን የአንዳችን አጥቢያ እናት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይ አለ። ልጃቸው እስከ ዛሬ ሰላምታችንን እያየ እንዳላየ ያልፋል።

ለሽማግሌዎቹ የመለስነው መልስ ከራሳችን ታሪክ ነበር። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ሲመለሱ ያገኙት ብዙ ሺህ ሆኖ ነው። ዋንዳሮን የመሰሉ አባቶች በእስርና በግርፋት ባለፉበት በዚያ ዘመን አማኞች መበለቶቻቸውን ያኖሩት በመንግሥት በጀት አልነበረም። ታዲያ ዛሬ ለአንዲት መበለት የዓመት መዋጮ መክፈል አጥቢያን ያቅተዋል ወይ? አንዱ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቆይተው «ልክ ናችሁ፤ ግን ደስ አላለኝም» አሉን። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ወደድነው። ያ አጥቢያ ከምጽዋት ሣጥኑ ለአራት መበለቶች ከፈለ። ሌሎቹ ሁለቱ እስካሁን አልከፈሉም።

ከዝርዝሩም ከአጥቢያም እርዳታ የቀሩ አሉ። አንድ የቀን ሠራተኛ አባት በክረምቱ የታመመች ልጁን አቅፎ በራችን ላይ ቆመ። ከየኪሳችን አዋጥተን ሰደድነው፤ ልጅቱ ድናለች። ለሚቀጥለው ታማሚ ግን ኪሳችን አይበቃም፤ እርሱም ይህን ያውቃል።

የዘንድሮው ምዝገባ በቅርቡ ይጀመራል። ጉሊት ቸርቻሪዋ እናት ካሁኑ በደብተሯ የስም ዝርዝር ይዛለች፤ የዚያ አባት ስም ከላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ሌሎቹ መበለቶች እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይነጋገራሉ። ጸልዩልን።