ደም የሚደርቅበት ደጅ

ጎሐ ጽዮን ላይ አውቶቡሱ ለቁልቁለቱ ማርሽ ሲቀንስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አማተቡ። የዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። የደረብኩትን ጋቢ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አወለቅሁት፤ ደጀን ስንወጣ መልሼ ለበስሁት። ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የምሥራቅ ጎጃምን የደም እርቅ ነው።

የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ የከተማችን ወጣት ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩበት። ወጣቱ ያንን አልፎ መርገጥ አልቻለም። ይህን አገር ሁሉ አይቶታል። እኔ ግን የራሴን ሰዎች ለመረዳት የሌላውን አገር ሽምግልና ማየት እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ያደግሁበትን ነገር እንዲሁ የታወቀ አድርጌ ስለማየው የምጠይቀው አይኖረኝም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከተሠራው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ የጋሞ ደጋን ያስታውሰኝ ነበር። ልዩነቱ እንሰት አለመኖሩ ነው፤ እዚህ እስከ ዓይን ጥግ ጤፍና ስንዴ ነው። በከተማው ጥቂት ቀናት ቆይቼ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ሄድኩ።

አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ጽድ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። በክፍል የተማርኩትን አነሣሁላቸው፦ አስታራቂ ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን መሆን አለበት፤ ለማንም መወገን የለበትም፤ ምንም ዝምድና ባይኖረው ይመረጣል።

«እታለሜ፣» አሉኝ፣ «የማያውቀን ሰው ምን ብሎ ያስታርቀናል? እኔ የገዳዩም የሟቹም ዘመድ ነኝ። ነገ አንዱ ቃሉን ቢያፈርስ እኔ እዚሁ ነኝ። ልጁን ስድር እዚሁ ነኝ፤ ሲሞትም የምቀብረው እኔ ነኝ። የሚፈሩኝ ለዚህ ነው።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሦስት ሴሚስተር የተማርኩት ንድፈ ሐሳብ ስህተት ነው አልልም፤ ለማያውቃቸው ሰዎች ለሚፈርድ ዳኛ የተሠራ ነው። እዚህ ግን የአስታራቂው ኃይል ከሁለቱም ጋር አብሮ መቅረቱ ነው። የጋሞ ሽማግሌ ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ቦታ ሲቀመጥም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ግን ይህን የሰማሁት ዓባይን ተሻግሬ ነው።

የደም እርቅ ሥራው ረጅም ነው። ሽማግሌዎቹ ለወራት ይመላለሳሉ። የሟቹ ቤተሰብ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ዘመድ ሟቹን እንዳቃለለ ይቆጠራል። ስለዚህ እምቢታው ራሱ የሥርዓቱ አካል ነው፤ ሽማግሌዎቹም አይቀየሙበትም። ካሳው ሲቆረጥ፣ በተቀጠረው ቀን፣ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ መሬት ወድቆ ይማጸናል። ካህናቱ መስቀል ይዘው ይቆማሉ። ከመሐላው በኋላ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ይህ ነው ደም ማድረቅ የሚባለው።

ሕጉ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለሃይማኖትና ለባህል ሕጎች በር የሚከፍተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ነፍስ ግድያ የመንግሥት ክስ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው አልተቃወሙኝም። «ይሠረው እንጂ፤ መንግሥት ሰውየውን ያሥራል። ደሙን ማን ያሥረዋል? ሰውየው ጊዜውን ጨርሶ ሲመለስ የሟቹ ልጅ አድጎ ይጠብቀዋል» አሉ። ፍርድ ቤቱና ሽማግሌው አንዱ የሌላውን ሥራ ይተካል ብዬ ስከራከር ኖሬ፣ እዚያ ጽድ ሥር ሐሳቤን ለወጥኩ።

ስለ መሪነትም ያለኝ ሐሳብ እንዲሁ ተለወጠ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ይለካል፣ ይወሰዳል ብሎ ፈርቶ ተነሣ፤ ከመካከሉ መሪዎቹን መርጦ ነው። ጦር ቢላክበትም አልተበተነም፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ሽማግሌዬ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። የዚያን ጊዜ አስተባባሪዎች እነማን እንደነበሩ ስጠይቃቸው፣ «የድንበር ክርክር የሚዳኙት ሰዎች ናቸዋ» አሉኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል እንደማለት። ዜጋን መምራት ማለት ለእሳቸው አዲስ ሥልጣን አይደለም፤ ትናንት መሬት ሲያካፍል ያልዋሸ ሰው ዛሬም ይታመናል።

የከበደኝ ሌላ ነው። ከእርቅ ጉባኤዎች በአንዱም ሴት ተቀምጣ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ግን ሌሊት በድብቅ የሚሄዱት ወደ ሟች እናት ቤት ነበር። እሷ ካላለቀሰችና ካልለዘበች ወንዶቹ አይለዝቡም። አንዲት እናት ቡና አፍልተውልኝ ልጃቸው የሞተበትን ማሳ በእጃቸው አሳዩኝ። «ይቅር በይ አሉኝ፤ ይቅር አልኩ። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም» አሉ። ምን ይፈልጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ገዳዩ በበጋ ሲያልፍ በማሳው በኩል እንዳያልፍ ነበር የፈለጉት። ካሳው ውስጥ ይህ አልተጻፈም። እኔ ግን በጽሑፌ ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ አድርጌ ጻፍኩት፤ ዛሬም ከጻፍኩት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጊያም እኔ ወደተቀመጥኩባቸው ቀበሌዎች ደረሰ። ዓባይን መሻገር አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ስልኩ ሠርቶ ሽማግሌዬን አገኘኋቸው። ሽምግልና እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ድሮ ገዳዩን በስሙ እናውቀው ነበር፤ አባቱንም እናውቅ ነበር። አሁን የሞተውን እናውቀዋለን፤ የገደለውን ግን አናውቀውም። ሽማግሌ የሚላክበት ደጅ አጣን፣ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለው እናቴ ደኅና መሆኗን ጠየቁኝና መስመሩ ተቋረጠ።